የፋብሪካው ሰገነት፤ በኒው ዮርክ ሶሆ ሰፈር የሥራ ፎቅ ወደ መኖሪያነት የተለወጠበት ታሪክ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃታን ደሴት በስተ ደቡብ፣ ከሃውስተን መንገድ በታችና ከካናል መንገድ በላይ ሶሆ የሚባል ሰፈር ይገኛል። በዚህ ሰፈር በአንድ የቀድሞ ፋብሪካ ጫፍ ላይ ያለ መኖሪያ ለሽያጭ በሚቀርብበት ጊዜ ደላሎች የሚያወጡት ማስታወቂያ መልኩ እጅግም አይለዋወጥም። በመጀመሪያ የጣራው ከፍታ ይመሰገናል፤ ቀጥሎ የመስኮቶቹ ስፋት፤ ከዚያም ያለ ክፍልፋይ ግድግዳ የተዘረጋው ወለልና በመካከሉ የቆሙት የብረት ዓምዶች። ከሁሉ በኋላ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት ሐረግ ብዙ ጊዜ አትጠፋም፤ ይህችውም በቤቱ ለመኖር ከከተማው አስተዳደር የተሰጠ የኪነ ጥበብ ሰውነት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል የምትል ናት። የፊተኞቹ ሦስቱ የሕንፃ ነገር ይመስላሉ፤ አራተኛይቱ የሕግ ናት። ይሁን እንጂ አራቱም የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው፤ ታሪኩም የብረትና የጡብ ከመሆኑ ይልቅ በየፎቁ ላይ ይሠራና ይኖር ዘንድ ማን እንደ ተፈቀደለት፣ ማንስ ሳይጠየቅ እንደ ወጣ የሚያስረዳ ነው። ዓመታቱ ሁሉ ከዚህ በታች በኤውሮጳ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ይገባል። እንግሊዞች ሎፍት የሚሉት ቃል ከጥንታዊው የሰሜን ኤውሮጳ ሰዎች ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን ፍቺው አየር፣ ሰማይ፣ ኋላም ከፍ ያለ ክፍል ማለት ነበር። በገበሬ ቤት ድርቆሽ የሚከመርበት፣ በወደብም የመርከብ ሸራ የሚሰፋበት ላይኛው ወለል በዚሁ ስም ይጠራል። በአማርኛ በትርጉም የሚቀርበው ቆጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ቆጥም ዕቃ የሚሰቀልበት፣ ሲቸግርም ሰው የሚተኛበት ነውና። በሕንፃ ጫፍ ላይ ላለው ቤት የተሰጠው ፔንትሃውስ የሚለው ስም ደግሞ ከፈረንሳዮች አፓንቲ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ በትልቅ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚሠራ ዝቅተኛ ጥግ ማለት ነው። እንግሊዞቹ ባለማወቅ መጨረሻውን ቤት ከሚለው ቃላቸው ጋራ አስማሙት። እንግዲህ ደላላው ሁለቱን ስሞች አጣምሮ ሲጠራ፣ እንደ ቃሉ ከተወሰደ፣ የሚሸጠው በቆጥ ላይ የተጠጋ ዳስ ነው። በኒው ዮርክ የሕንፃ ጫፍ የውሃ ጋን፣ የአሳንሰር መኪና፣ የልብስ ማጠቢያና የአገልጋይ ክፍል ቦታ ሆኖ ኖሯል፤ የባለጸጋ መኖሪያ መሆን የጀመረው በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። ሰገነት የሚለውን የከበረ ቃል ለዚህ ቤት ለማዋል የሚቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰፈሩ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመኖሪያ ሰፈር ነበር። ብሮድዌይ የሚባለው ታላቅ መንገድ በሱቆች በተሞላ ጊዜ ባለ ሀብቶቹ ወደ ሰሜን ፈቀቅ አሉ፤ በባዶው ቦታም የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች መጋዘንና መሸጫ የሚሆኑ አምስትና ስድስት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች አሠሩ። ጄምስ ቦጋርደስ የተባለ ፈጣሪ ሰው በ1840ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ያስፋፋው አሠራር ለዚህ ተስማሚ ሆነ። ይኸውም የሕንፃው ፊት በድንጋይ ፈንታ በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት ይሠራ ነበር። ብረቱ በማቅለጫ ቤት ክፍል በክፍል ተዘጋጅቶ፣ ባለ ንብረቱ ከሥዕል መጽሐፍ የመረጠው ዓምድና ጉልላት በጋሪ መጥቶ በብሎን ይያያዛል፤ ቀጥሎም ድንጋይ እንዲመስል ይቀባል። ማስመሰሉ የተዋጣ ከመሆኑ የተነሣ፣ ማርጎት ጌይል የተባሉ የታሪክ ሕንፃ ተከላካይ በ1970 የብረት ሕንፃ ወዳጆች ማኅበርን በመሠረቱ ጊዜ አባሎቻቸው በየመንገዱ ማግኔት ይዘው እየዞሩ የሕንፃዎቹን ፊት ይፈትኑ ነበር፤ ማግኔቱ ከተጣበቀ ብረት ነው።

የብረቱ ጥቅም ግን በውበቱ ብቻ አልነበረም። ቀጭን የብረት ዓምድ ወፍራም የድንጋይ ግንብ የሚሸከመውን ያህል ስለሚሸከም በዓምዶቹ መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ለመስኮት ተለቀቀ። በዚህ ከተማ የተለመደው ቦታ 25 ጫማ ወርድና 100 ጫማ ቁመት፣ ማለት ወደ 7 ሜትር ተኩል በ30 ሜትር ነው፤ ግራና ቀኙ በጎረቤት ሕንፃ የተዘጋ ነው። ብርሃን የሚገባው ከፊትና ከኋላ ብቻ ስለሆነ እስከ መካከሉ እንዲደርስ መስኮቱ ረጅም፣ መስኮቱም ረጅም እንዲሆን ጣራው ከፍ ያለ መሆን ነበረበት። ወለሉ ያለ ግድግዳ የተዘረጋው የጨርቅ ጥቅል እንዲከመርበት፣ ኋላም የስፌት መኪና በረድፍ እንዲደረደርበት ነው። ዛሬ እንደ ጌጥ የሚሸጠው ነገር ሁሉ በዚያን ጊዜ የሥራ መሣሪያ ነበር።

የላይኛው ፎቅ ዋጋ ግን ከሁሉ ያነሰ ነበር፤ ዕቃውም ሰውም በደረጃ መውጣት ነበረበትና። ይህን ያሻሻለው አሳንሰር ነው። ኤሊሻ ኦቲስ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ የማይወድቅ ማንሻ በ1854 በዚሁ ከተማ በተደረገው ኤግዚቢሽን ላይ በሕዝብ ፊት፣ ራሱ ቆሞበት ገመዱን በማስቆረጥ አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1857 በብሮድዌይና በብሩም መንገዶች ማዕዘን ላይ በተሠራው የሃውዋውት ሕንፃ ውስጥ በእንፋሎት የሚሠራ የሰው አሳንሰር ተተከለ። ሕንፃው አምስት ፎቅ ብቻ ነበር፤ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ መሸጫም ስለነበረ የፕሬዚዳንት ሊንከን ባለቤት ለዋይት ሐውስ የሚሆን ሳሕን ያዘዙት ከዚያ ነው። የላይኛው ፎቅ ከታችኛው እኩል ሊቈጠር የሚችልበት መንገድ በዚህ ሰፈር ተከፈተ መባል ይቻላል፤ ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል።

በመካከሉ ያለው ዘመን የልብስ ሠራተኞች ዘመን ነው። ትላልቆቹ ነጋዴዎች ወደ ሰሜን ሲሄዱ ፎቆቹን የተከራዩት የሸሚዝ፣ የባርኔጣ፣ የውስጥ ልብስና የወረቀት ሣጥን ሠሪዎች ናቸው። ስለ ጣራው ከፍታ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የኒው ዮርክ የፋብሪካ ሕግ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 250 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለት ወደ 7 ኪዩቢክ ሜትር የሚሆን አየር እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። ሕጉ የሚለካው አየር እንጂ ወለል ስላልነበረ፣ ጣራው ከፍ ባለ ቍጥር አሠሪው ሠራተኞቹን ይበልጥ አቀራርቦ ለማስቀመጥ ተፈቀደለት። ከራሳቸው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ለትንፋሻቸው ተቈጠረላቸው፤ በእግራቸው መካከል ግን መተላለፊያ አልነበረም።

ይህ ምን እንዳስከተለ በማርች 25 ቀን 1911 ታየ። ከሃውስተን መንገድ በስተ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብሎ በግሪን መንገድና በዋሽንግተን ፕሌስ ማዕዘን ላይ ባለው፣ አሽ በሚባለው ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ የትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ፎቅ ይዞ ይሠራ ነበር። እሳቱ ከስምንተኛው ፎቅ ተነሣ። በዘጠነኛው ፎቅ አንደኛው በር ተቈልፎ ነበር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ደግሞ ከስድስተኛው ፎቅ በላይ አልደረሰም። 146 ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙት ከምሥራቅ ኤውሮጳ የመጡ አይሁዳውያንና ከኢጣልያ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዚሁ ዓመት በዲሴምበር ባለ ንብረቶቹ ፍርድ ቤት ቀርበው በነጻ ተለቀቁ። ሕንፃው ግን እሳት የማይበግረው ተብሎ የተሠራ ነበረና እንዳለ ቀረ፤ ዛሬም የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ሆኖ ያገለግላል። ሕንፃውን ከእሳት የጠበቀው ጥበብ ለሰዎቹ አለመጥቀሙ በዚያው ዓመት ለተቋቋመው የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሲዮንና ከዚያ ለተከተሉት የሥራ ሕጎች ምክንያት ሆነ። ሆኖም አደጋው አላቋረጠም። በ1958 በማርች ወር ከሃውስተን መንገድ በላይ በብሮድዌይ በሚገኝ የውስጥ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ 24 ሠራተኞች በእሳት ሞቱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሶሆን በአማርኛ የሲኦል መቶ ኤከር በሚል ቃል ሊተረጐም የሚችል ስም አውጥተውለት ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካ በደረጃ ወደ ላይ መሠራቱ ቀርቶ በሰፊ ሜዳ ላይ በአንድ ወለል ተዘርግቶ እንዲሠራ የጭነት መኪናና የማጓጓዣ ቀበቶ አስገደዱ። በ1950 በኒው ዮርክ ከተማ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሰው በፋብሪካ ሥራ ተቀጥሮ ነበር፤ በ1980 የቀረው ግማሽ ያህሉ ነው። ሮበርት ሞዝስ የተባሉት ኃያል የከተማ ሠሪ ደግሞ በብሩም መንገድ ላይ አሥር መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ፈጣን አውራ ጎዳና ከምሥራቅ ድልድዮች እስከ ሆላንድ ዋሻ ድረስ ለመዘርጋት ዐቀዱ። ለዚህም ወደ 2000 የሚሆኑ ቤተ ሰቦችና ወደ 800 የሚሆኑ የንግድ ድርጅቶች መነሣት ነበረባቸው፤ ሃውዋውት ሕንፃም በመንገዱ ላይ ነበር። ሌሎች ደግሞ ሰፈሩ ፈርሶ ለመካከለኛ ኑሮ ሰዎች መኖሪያ እንዲሠራበት ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ የከተማው የፕላን ኮሚሲዮን ፕሮፌሰር ቼስተር ራፕኪን ሰፈሩን እንዲያጠኑ አደረገ። በ1963 የወጣው ጥናታቸው የዚህ ታሪክ ማዕከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፕሮፌሰሩ በየሕንፃው ሲገቡ ያገኙት ሌሎች ምድረ በዳ ያሉትን ቦታ ሳይሆን በመቶ የሚቈጠሩ ትንንሽ ድርጅቶችን፣ በእነርሱም ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞችን ነበር፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ሌላ ቦታ በቀላሉ ሥራ የማያገኙ ሴቶች፣ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆችና ጥቍር አሜሪካውያን ነበሩ። ኪራዩ ርካሽ መሆኑ ድርጅቶቹን፣ ድርጅቶቹም እነዚህን ሰዎች ይዘው እንዲኖሩ አስችሏል። ስለዚህ ጥናቱ ሕንፃዎቹ እንዳይፈርሱ መከረ። ምክሩ ተሰማ፤ ሰፈሩም አልፈረሰም። ነገር ግን ፕሮፌሰሩ ሕንፃውን ለሠራተኛው ብለው ጠበቁት፤ ሕንፃው ሲቀር ሠራተኛው ወጣ። ይህ በከተማ ታሪክ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ቢሆንም፣ እንደዚህ በግልጽ ተጽፎ በአንድ ሰነድ ላይ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው።

ወደ ፎቆቹ የገቡት ሠዓሊዎችና ቀራጺዎች ናቸው። የአውራ ጎዳናው ፕላን ተሰቅሎ በቆየበት ዘመን ማንም ገንዘቡን በሰፈሩ ላይ ሊያውል ስለማይደፍር፣ ባለ ንብረቶች የባዶ ፎቅ ኪራይ ከማን እንደ መጣ አይጠይቁም ነበር። ሠዓሊዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ትልልቅ ሸራ መሳል ጀምረው ስለነበር ሰፊ ወለልና ብዙ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል። ሕጉ ግን በፋብሪካ ሰፈር ማንም እንዳያድር ከልክሏል። ስለዚህ አልጋቸውን ከመርማሪ ይሸሽጉ ነበር፤ ሌሊት መብራታቸው እንዳይታይ መስኮቱን በጨለማ መጋረጃ ይሸፍኑ፣ ቆሻሻቸውን በሌላ ሰፈር ወስደው ይጥሉ ነበር። ማሞቂያው የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ይቋረጣል። የደጅ ደወል ስለሌለ እንግዳ ሲመጣ ከመንገድ ይጣራል፤ ቁልፉም በካልሲ ውስጥ ተደርጎ በመስኮት ይወረወርለታል። እንግዲህ የሰገነቱ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች አኗኗር የባለጸጋ ሳይሆን የተሸሸገ ሰው አኗኗር ነበር።

በ1961 ሠዓሊዎቹ በማኅበር ተሰብስበው ሥራቸውን ከማሳያ ቤቶች እናነሣለን ብለው በዛቱ ጊዜ ከተማው በጥቂቱ ተስማማ። በሕንፃው ደጅ ላይ የኪነ ጥበብ ሰው በዚህ ፎቅ ይኖራል የሚል ትርጉም ያላቸው ሦስት ፊደላት የተጻፉበት ሰሌዳ እንዲሰቀል ተፈቀደ፤ ይህም እሳት ቢነሣ በየትኛው ፎቅ ሰው እንዳለ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች እንዲያመለክት ነበር። ዛሬ ከደላላው ማስታወቂያ ግርጌ ያለችው ደቃቅ ሐረግ የዚያ ሰሌዳ ልጅ ናት። በ1964 ይህን የሚፈቅድ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ወጣ፤ በ1971 ደግሞ የከተማው የቦታ አጠቃቀም ሕግ ተሻሽሎ፣ ከባህል መሥሪያ ቤቱ ምስክር ወረቀት ያገኘ ሠዓሊ፣ ቀራጺ፣ የውዝዋዜ ደራሲ፣ የሙዚቃ ደራሲ ወይም የፊልም ሠሪ በሶሆ የሚሠራበትና የሚኖርበት ፎቅ እንዲይዝ መብት ሰጠ። ሰፋፊዎቹ ወለሎች ለፋብሪካዎች እንዲቀሩ ታስቦ ነበር። ለሕዝብ ባሕል ተመራማሪ ይህ የምስክር ወረቀት እንግዳ ነገር ነው። በብዙ አገሮች ሙያ ሰውን ከአንድ ሰፈር አስወጥቷል፤ በዚህ ግን ሙያ የመኖር ፈቃድ ሆነ። ለልብስ ሰፊይቱ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አልተቋቋመም።

በሕጉ መካከል ገበያው ቀስ በቀስ ገባ። ጆርጅ ማቹናስ የተባለ ትውልዱ ሊቱዌንያዊ የሆነ የኪነ ጥበብ ሰው በ1967 የዉስተር መንገድ 80 ቍጥር ሕንፃን ገዝቶ ፎቆቹን ለሠዓሊዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር አከፋፈለ። ለክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማቅረብ የሚገባውን ሰነድ ስላላቀረበ ከመርማሪዎች ይሸሸግ እንጂ፣ ለብዙ ሌሎች ሕንፃዎች ምሳሌ ሆነ። ዶናልድ ጀድ የተባለው ቀራጺ በ1968 በስፕሪንግ መንገድ 101 ቍጥር ላይ በ1870 የተሠራውን ባለ አምስት ፎቅ የብረት ሕንፃ በሞላው በ68,000 ዶላር ገዛ። ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ አንድ ተግባር ሰጥቶ አልጋውን በአምስተኛው፣ ማለት በመጨረሻው ፎቅ ላይ አኖረ። የዕቃ ማከማቻ የነበረው የሕንፃ ጫፍ የክብር መኝታ መሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል። በዚሁ ዓመት ፓውላ ኩፐር በፕሪንስ መንገድ የሥዕል ማሳያ ቤት ከፈቱ፤ ገዢዎችም ሥዕሉን ለማየት ሲመጡ ቤቱን አይተው ወደዱት።

የአውራ ጎዳናው ነገር ወይዘሮ ጄን ጃኮብስና የሰፈሩ ሰዎች ባደረጉት ብርቱ ተቃውሞ በ1969 ተሰረዘ። በ1973 ወደ 500 የሚሆኑ ሕንፃዎች ያሉበት 26 የመንገድ አደባባይ የታሪክ ሰፈር ተብሎ በሕግ ተጠበቀ። በ1975 ከተማው የንግድ ሕንፃን ወደ መኖሪያ ለሚለውጥ ባለ ንብረት የግብር ቅናሽ አደረገ። እነዚህ ሦስቱ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያዩ ሰዎች፣ ለተለያየ ዓላማ የተደረጉ ናቸው፤ በአንድነት ግን ፎቁን ከመፍረስ አደጋ አውጥተው አስተማማኝ ሀብት አደረጉት። ሻሮን ዙኪን በ1982 ስለ ሎፍት ኑሮ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሠዓሊው ሰፈሩን ለባለ ሀብቱ ያዘጋጀ መንገድ ጠራጊ መሆኑንና የመንግሥት እጅም ከዚህ እንዳልራቀ አስረድተዋል። በዚያው ዓመት ያለ ፈቃድ በፎቆች የሚኖሩትን ተከራዮች ከመባረር የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ከመንገድ ጠራጊው በፊት በቦታው የነበሩት ግን በዚያ ሕግ አልተነሡም፤ የእነርሱ የመኖሪያ ሳይሆን የሥራ ቦታ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ዋጋው ወጣ፤ ማሳያ ቤቶቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደ ቼልሲ ሄዱ፤ ምድር ቤቶቹን የልብስ መሸጫዎች ያዙ፤ የሚሸጠው ልብስ ግን ከዚያ አልተሰፋም። የምስክር ወረቀቱ ሕግ ሳይሻር ብዙ ሰዎች ያለ ወረቀቱ ይገዙና ይኖሩ ነበር። በዲሴምበር 2021 የከተማው ምክር ቤት ባጸደቀው ለውጥ፣ እንዲህ ያለውን ፎቅ ወደ ተራ መኖሪያነት ለመለወጥ የሚፈልግ ባለ ንብረት ለኪነ ጥበብ መደገፊያ የሚውል ገንዘብ በአንድ ካሬ ጫማ 100 ዶላር ሒሳብ እንዲከፍል ተደነገገ። ባለ ንብረቶቹም ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ሠዓሊ የመሆን ግዴታ በገንዘብ ሊተመን ቻለ ማለት ነው።

በቀረው ጣራ ላይ አዲስ ሰገነት ለመጨመር የሚፈልግ ሰው ደግሞ የታሪክ ሕንፃዎች ጥበቃ ኮሚሲዮንን ማስፈቀድ ይኖርበታል። በአማርኛ ሰገነት የተባለው ባለ ቤቱ የሚያይበትም የሚታይበትም ቦታ ነው። በሶሆ ግን የኮሚሲዮኑ ደንብ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጭማሪው ከመንገድ የማይታይ፣ ቢታይም እምብዛም ጎልቶ የማይታይ መሆን አለበት። ለዚህም ማረጋገጫ ከእንጨትና ከመረብ የተሠራ፣ የታሰበውን ቤት ልክ የሆነ ክፈፍ በጣራው ላይ በውሃ ጋኑ አጠገብ ይቆማል። ከዚያም መርማሪዎቹ ከታች በመንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ፣ በየማዕዘኑም እየቆሙ ወደ ላይ ይመለከታሉ።